የምንይሉ ቆጥ

ባለቤቴን መጀመሪያ ያየሁት ከእግሩ ጀምሬ ነው። እናቴ መርካቶ፣ ከራጉኤል ወረድ ብሎ ባለው ተራ ክርና የልብስ ቁልፍ ትሸጥ ነበር። ከጎናችን ያለው ሱቅ የጋሽ ሀብተ ወልድ ነበር። አንድ ጠዋት በራችንን ስከፍት ከጋሽ ሀብተ ወልድ ጣሪያ ሥር ሁለት እግር በመሰላል ወደ ታች ሲመጣ አየሁ። ካልሲ የለውም፤ ጫማውን በእጁ ይዞታል። ቀጥሎ ጉልበት መጣ፣ ቀጥሎ ሸሚዝ፣ በመጨረሻ የጆንያ ብናኝ የለበሰ ፀጉር። ከጎጃም የመጣ የወንድማቸው ልጅ ነው፣ ስሙም ምንይሉ ነው አሉን። ቤታቸው ልጅ በልጅ ስለነበር ሱቁ ውስጥ፣ ቆጡ ላይ ነበር የሚያድረው።

ቆጥ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልናገር። በእኛ ተራ የአንድ ሱቅ ወለል ከአንድ ሰፊ አልጋ ብዙም አይበልጥም። ወደ ጎን መስፋት የለም፤ ጎንህ ላይ ሌላ ሰው አለ። ስለዚህ ከራስ በላይ ባለው አየር ላይ ሳንቃ ይረበረብና ሌላ ወለል ይሠራል፤ በመሰላል ይወጣበታል። ትርፍ እቃ እዚያ ይከማቻል፤ ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ እዚያ ይተኛል። ቆጥ የሌለው ሱቅ እኛ ዘንድ ኪስ እንደሌለው ሱሪ ነው።

ምንይሉ እዚያ እያደረ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ድራፍቲንግ፣ የሕንፃ ፕላን መሣል፣ ተማረ። ሥራ ያዘ፤ ቀስ ብሎ እናቴን ለመዳት፤ ከዚያ እኔን አገባ። ስንጋባ ሱቁ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ሌላው ሙሽራ ወርቅ ይሰጣል፤ የእኔው ሳንቃ ተሸክሞ መጣ። በገዛ እጁ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ መስማር መትቶ ለሱቄ ቆጥ ሠራልኝ። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። በኋላ ግን ከጎጃም የመጣ ዘመድ ሁሉ እዚያ ቆጥ ላይ ሲያድር፣ የገና ገበያ እቃ እዚያ ሲከማች ወርቁን ረሳሁት።

አሁን ሶማሌ ተራ፣ ከመለዋወጫ ሱቆች በላይ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ፕላን ይሠራል። ሱቁን ለሁለት መክፈል የፈለገ፣ በሩን ማስፋት የፈለገ፣ ቆጥ ማስደረብ የፈለገ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ትልልቅ ሕንፃም ሥሏል። ግን የእሱ ሥራ ሲያልቅ ሥዕሉ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ዲግሪና የሙያ ፈቃድ ያለው አርክቴክት ይፈርምበታል፣ ማህተሙን ያሳርፍበታል፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሉ የዚያ ሰው ነው። ምንይሉ በዚህ አያማርርም ነበር። የማማርርለት እኔ ነበርኩ።

ልጃችን ሠርኬ ገና ማንበብ እንደ ጀመረች ሰሞን አንድ ቀን ምንይሉ ፕላኑን የሠራለትን ሕንፃ ሊያሳያት ወሰዳት። ሠርኬ ያኔ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፤ የታክሲ ታፔላ፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ ምኑም አይቀራት። አጥሩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የባለቤቱን ስም፣ የተቋራጩን ስም፣ የአማካሪውን ስም። ስትጨርስ ቀና ብላ፣ “አባዬ፣ አንተ የታለህ?” አለችው። ብስኩት ገዝቶላት ተመለሱ። እራት አልበላም። ሳህኑን ሳነሳ፣ “ሐመልማል፣ ዲግሪውን ልማረው ነው” አለኝ።

እኔም የመጣልኝን ተናገርኩ። አርባ ሊሞላህ ምን ቀረህ፣ ከልጅህ ጋር እርሳስ ልትጋራ ነው ወይ፣ ቤቱንስ ማን ሊያበላው ነው፣ ያላልኩት የለም። ተናዳጅ ነኝ፤ ግን ንዴቴ እንደ ሐምሌ ዝናብ አይደለም፣ ቶሎ ያባራል። ጠዋት ሻዩን ሳቀርብለት “ተማር እንግዲህ” አልኩት። እሱም እንደማላስቸግረው ያውቅ ነበር መሰለኝ፣ አልተገረመም።

ለቤታችን ቅርብ የሆነ የማታ ኮሌጅ አገኘ። እኔ ደስ አለኝ፤ ቀን ይሠራል፣ ሲመሽ ይማራል። ምንይሉ ግን መርካቶ ያደገ ሰው ነው፤ እቃ ሳይገለብጥ አይገዛም። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዶ ሲጠይቅ፣ ኮሌጁ ለሌላ ትምህርት እንጂ ለአርክቴክቸር እውቅና የለውም አሉት። ዲግሪውን ቢሰጡትም ግድግዳ ላይ ከመስቀል ያለፈ ጥቅም የለውም፤ የሙያ ፈቃድ አያወጣበትም። እውቅና ያለው የተገኘው ሩቅ ነው፤ ያውም የቀን ነው፤ ያውም አምስት ዓመት ነው። “እንግዲህ የምትፈርመው ፊርማ እንዲያዝልህ ከፈለግክ እሱ ነው” አልኩት። ገባ። ሱቄ ቤቱን ተሸከመች። እሱ ከትምህርት መልስ ሶማሌ ተራ ያለችው ክፍል ገብቶ አንዳንድ ሥራ ይሠራል፤ የቀረውን እኔ።

አብረውት የሚማሩት ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። “ጋሽ ምንይሉ” እያሉ ያከብሩታል፤ መስመር ማስመር ሲያቅታቸውም ወደ እሱ ይመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንደዋዛ አለፉ። ሒሳቡ ትንሽ አስጨነቀው፤ ሥዕሉ ግን ለእሱ እንጀራው ነው። እኔም ተራው ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ባሌ አርክቴክት ሊሆን ነው እያልኩ አወራሁ። ቸኮልኩ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ስቱዲዮ የሚሉት ትምህርት ከበደ። ስቱዲዮ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ፈተና የለውም። ቦታው ይሰጥሃል፣ ማን እንደሚገባበት ይነገርሃል፣ ሕንፃውን ከራስህ ታወጣለህ። በመጨረሻ መምህራን ተሰብስበው ሥራህ ፊት ያቆሙህና ይጠይቁሃል፤ እሱን ጁሪ ይሉታል። የምንይሉ አስተማሪ ማርያማዊት የምትባል፣ በዕድሜ ታናሽ እህቴ ልትሆን የምትችል፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። መጀመሪያ የሰጠቻቸው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ነበር። ምንይሉ ሠራ። አንድ ጥግ ባዶ አልቀረም። በሩ ላይ እንደ እኛ ሱቅ ተጠቅላይ ላሜራ አድርጎበታል፤ ከመደርደሪያዎቹ በላይ ደግሞ ዙሪያውን ቆጥ አስደርቦበታል።

“ጋሽ ምንይሉ፣ ቆጡ ለማን ነው?” አለችው ማርያማዊት። “ልጆቹ ይወጡበታል?”

“አይ፣ ይወድቃሉ።”

“መጽሐፍ ሊቀመጥበት ነው?”

“መደርደሪያው ይበቃል።”

“ታዲያ ለማን ነው?”

ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ሰጠቻቸው፤ ከታማሚዎቹ አልጋ በላይ ቆጥ። ቀጥሎ ብቻውን የሚኖር ሠዓሊ የሚሠራበት ቤት ሰጠቻቸው፤ ሰውየው ብቻውን ነው እያለች እየነገረችው፣ ቆጥ። ልጆቹ ፊት ለፊት አያሾፉበትም እንጂ ከኋላው ጋሽ ቆጤ ይሉት ጀመር። በዓመቱ መጨረሻ ስቱዲዮውን ወደቀ። እንደገና መውሰድ የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በድጋሚ ከወደቀ ይሰናበታል፤ ያ ሁሉ ዓመት፣ የእኔም የሱቅ ላብ፣ የሠርኬም ሰሌዳ እዚያው ያበቃል።

“ግን እኮ ለማን ነው?” አልኩት ማታ፣ እኔም እንደ እሷ።

“አላውቅም ሐመልማል። እጄ ነው የሚሥለው። ላዩን ባዶ ስተወው የሆነ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል።”

እኔ ግትርነት መሰለኝ። የጎጃም ሰው ግትር ነው ብዬ አንጓጠጥኩት። እሱም ሳቀ፣ ግን ከልቡ አልነበረም።

በድጋሚ ሲመዘገብ ማርያማዊት ሥራውን ለወጠችለት። ለብዙ ሰው የሚሆን ሕንፃ ይቅርብህ አለችው። የምታውቀውን አንድ ሰው ምረጥ፤ ሥራ ቦታው ላይ አብረኸው ተቀመጥ፤ ዝም ብለህ እየው፤ ከዚያ ለዚያ ሰው የሚሆን የሥራ ቦታ አምጣልኝ። ጁሪው ላይም ሰውየው ራሱ ይምጣና ይየው። ምንይሉ መጀመሪያ የጠየቀው ጎረቤታችንን ቡርሃንን ነበር። ቡርሃን ጋሽ ሀብተ ወልድ የነበሩበትን ሱቅ ይዞ ዚፕ የሚያከፋፍል ጎልማሳ ነው። “ጋሼ፣ በአላህ ይተውኝ” አለው። “ሰው ሲያየኝ ሒሳብ ይጠፋብኛል።” በቃ፣ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

ባል ሱቅ ውስጥ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚያስጠላ ያላየ አያውቀውም። ትምህርት በሌለው ሰዓት ሁሉ ይመጣና በርጩማ ስቦ ጥግ ላይ፣ ከላስቲክ ጥቅሎች ጎን ይጎለታል። ወረቀትና እርሳስ ይዟል። አያወራም። ከአማኑኤል የሚመጡ ልብስ ሰፊ ደንበኞቼ ወደ እሱ እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። አንዷ ጭራሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ “እትዬ ሐመልማል፣ ሰውዬው ከገቢዎች ነው እንዴ?” አለችኝ።

“ከጓዳዬ ነው” አልኳት። “ባሌ ነው። እኔን እየተማረ ነው።”

ሴትዮዋ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ እሱ ግን ይጽፋል። መጀመሪያ ሰሞን ይጠይቀኝ ነበር። ለምን ቆመሽ ትሸጫለሽ? ቁጭ ያለ ነጋዴ የደከመው ይመስላል፣ ዋጋ ይሰብሩበታል። ለምን ጥቁሩ ክር በር ላይ ሆነ? ሁሉም ሰው ስለሚፈልገው። ይሄ መብራት ቀኑን ሙሉ ለምን ይበራል? ሳይበራ ሰማያዊውን ከጥቁሩ በምን ልለየው? እንዲህ እንዲህ እያልን ቆየንና መጠየቁን ተወ። ማየት ብቻ ሆነ። ይሄኛው ይብሳል፤ ሲያዩኝ እጄ ይያያዛል።

አንድ የማይመቸኝ ነገርም ነበር። ያን ጊዜ ቀኝ ጉልበቴን ያመኝ ጀምሮ ነበር። ቆጡ ላይ መውጣት አይከብደኝም፤ መውረዱ ነው። ለምንይሉ አልነገርኩትም። የማውቀው ሰው ነው፤ ብነግረው በማግስቱ ትምህርቱን ጥሎ ሱቅ ይገባል፣ ለዘላለሙም ቅባት ሲቀባኝ ይኖራል። ስለዚህ እሱ ባለበት ቀጥ ብዬ እወጣለሁ፣ ቀጥ ብዬ እወርዳለሁ። ከደንበኛ ጋር እየተሳሳቅሁ ስለምሠራው ምንም አላየም ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሞዴሉን ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ከካርቶን ሠራው። ሠርኬ አሁን አምስተኛ ክፍል ናት፤ ማጣበቂያውን የምትይዝለት እሷ ነች። እኔ ብቅ ስል ነጠላ ይጥሉበታል። “ደንበኛዋ ጁሪ ሳይደርስ አታይም” ትለኛለች ልጄ። ደንበኛዋ ማለት እኔ ነኝ። በገዛ ነጠላዬ የገዛ ሱቄን ሸፍነው ያሳድሩብኛል።

የጁሪው ዕለት ቡርሃን ሁለቱን ሱቆች ሊጠብቅ በመካከላቸው ወንበሩን ዘረጋ። እኔ የበዓል ቀሚሴን ለበስኩ። መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል እንደማልናገር ለራሴ ስምል ነበር። ምንይሉ ካርቶኑን ታክሲ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አቅፎታል። መልኩ አመድ መስሏል። “ብወድቅስ?” አለኝ አንዴ ብቻ። “ከወደቅክ ሱቅ አለን” አልኩት። ውስጤ ግን እንደሱ አላለም። ከወደቀ ያ ሰሌዳ ዕድሜውን ሙሉ እንደሚከተለው አውቃለሁ።

አዳራሹ ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ተለጥፎበታል። ሦስት ጠያቂዎች ተቀምጠዋል፤ ማርያማዊት፣ አንድ ወጣት መምህር፣ አንድ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ሽማግሌ። ልጆቹ ከኋላ ቆመዋል። እኔን ከፊት አስቀመጡኝ። ምንይሉ ነጠላውን አነሳ።

ሱቄ ነበረች። አወቅኋት። በሩ በሩ ነው፣ ስፋቱ ስፋቱ ነው። ግን ግድግዳው ላይ ከጉልበት እስከ ትከሻ ድረስ መሳቢያ ተደርድሯል፤ ለእያንዳንዱ ክር መሳቢያ። ከባንኮው ጀርባ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር አለ፤ የተቀመጠበት ሰው ቆሞ ከሚገዛው ሰው እኩል ይሆናል። እላይ ከጣሪያው ሥር መስታወት አድርጎበት ብርሃን ቁልቁል ይወርዳል። ያማረ ነገር ነው። ቀና ብዬ ቆጡን ፈለግሁ። የለም። ከመሳቢያዎቹ በላይ ያለው አየር ብቻ ነው።

“ቆጤስ?” አልኩ።

መሐላዬ እዚያ ላይ ቀረ። ምንይሉ ወደ እኔ ዞረ። ማርያማዊት፣ “እትዬ፣ ይናገሩ፤ የመጡት ለዚያ ነው” አለችኝ። ተናገርኩ። ሰፊውን ላስቲክ የት ላድርገው አልኩ። የገበር ጨርቁን፣ የበዓል እቃውን፣ ከአገር ቤት የሚመጣ ሰውን የት ላሳድር አልኩ። ወንበሩ ይቅርና ቆጡን መልሱልኝ፣ ከፈለጋችሁ መስታወቱንም ውሰዱት አልኩ። ልክ ተራው ውስጥ እንዳለሁ። መጨረሻ ላይም፣ “እኔ ይሄን አልገዛም” ብዬ ቁጭ አልኩ።

ልጆቹ ሳቁ። ያደረግሁት ያኔ ነው የገባኝ። በቆጥ ሲወድቅ የኖረ ሰው በመጨረሻ ቆጡን ሲያወልቅ፣ የገዛ ሚስቱ መጥታ ዳኞች ፊት ጣለችው። ምላሴን ብቆርጠው በወደድኩ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካከሉና፣ “ባለቤቷ ካልተቀበለችው፣ ይሄን ለማን ነው የሠራኸው?” አሉት።

ያው ጥያቄ። ምንይሉ እጁን ባንኮው አጠገብ፣ ካርቶኑ ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ተናገረ፤ ለእነሱ ሳይሆን ለካርቶኑ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

“ቀኝ ጉልበቷን ያማታል” አለ። “አልነገረችኝም። መሰላሉ ላይ ስትወጣ ከደንበኛ ጋር እያወራች ነው፤ ስትወርድ ዝም ትላለች። ሐመልማል ዝም የምትለው ሲያማት ብቻ ነው። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ሰፊ ላስቲክ ጠየቀቻት። ላስቲኩ ቆጡ ላይ አለ፤ እኔ ከሥሩ ተቀምጫለሁ። አልቋል አለቻት። በማግስቱም ሌላ ሰው ጠየቃት፣ አልቋል አለች። ነጋዴ ናት፤ እቃ እያላት የለኝም ብላ አታውቅም። ያን ስሰማ ቆጡ ይወረድ አልኩ። የሠራሁት ለእሷ ነው።”

እውነት ነው። ብያለሁ። እሱ ጥግ ላይ ላስቲክ ተደግፎ ሲጽፍ፣ እኔ ለደንበኛ ስዋሽ ሰምቶኛል፤ ቤት ስንገባም ምንም አላለኝም። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። በዚያ የበዓል ቀሚስ፣ በማላውቃቸው ልጆች ፊት አለቀስኩ። አላፈርኩም፤ ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ እንደዚያ ዕለት ታይቼ አላውቅም።

ሽማግሌው አልተሸነፉም። ጎንበስ ብለው መሳቢያዎቹን አዩ። “ላይ የነበረው እቃ ሁሉ እዚህ ይገባል?”

“አይገባም” አለ ምንይሉ። “ለክቻለሁ። የሚተርፍ አለ። ለእሱ መልስ አላገኘሁም።”

ወጣቱ መምህር ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። አጻጻፉ አላማረኝም። እንባዬን ጠርጌ ተነሳሁ።

“የሚተርፈው ቡርሃን ጋ ይሆናል” አልኩ። “ቡርሃን ጎረቤቴ ነው። የእሱ ዚፕ ሲበዛ እኔ ጋ ያድራል፤ የእኔ ክር ሲያልቅ ከእሱ እያመጣሁ እሸጣለሁ። በእኛ ተራ ግድግዳው መካከላችን ይቁም እንጂ እቃው ወዲያና ወዲህ ሲል ነው የሚውለው። ላስቲኩን እሱ ዘንድ አስቀምጣለሁ፤ እሱም የማይወጣለትን ዚፕ እነዚህ መሳቢያዎች ውስጥ ያስቀምጥ። እንግዳውን ደግሞ ቤቴ አሳድረዋለሁ፤ ድሮ ነው አንድ ክፍል የነበረን።”

“ቅድም አልገዛም ብለው ነበር” አሉኝ ሽማግሌው፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ።

“የሚገዛ ሰው መጀመሪያ አልገዛም ነው የሚለው” አልኳቸው። “መርካቶ እንዲህ ነው።”

ማርያማዊት አንገቷን ደፍታ ሳቀች። ሽማግሌው ምንይሉን የቡርሃንን ሱቅ አብረህ ሥላት፣ ግድግዳው ላይ የምትከፈት አነስተኛ በር አስብበት አሉትና ሌላ ተማሪ ጠሩ። በቃ፣ ይሄው ነበር። ውጤቱ ሲለጠፍ ከአባቷ ጋር ሄዳ ሠርኬ ናት አንብባ የደወለችልኝ። ከፍ ያለ ውጤት አይደለም። ግን አልፏል። አሁን አራተኛውን ዓመት ጀምሯል፤ ልጆቹም ጋሽ ምንይሉ ወደሚለው ተመልሰዋል።

ውጤቱ በተለጠፈበት ሳምንት እሑድ ተራው ተዘግቶ፣ መንገዱ ጭር ብሎ ሳለ፣ የእውነተኛዋን ሱቅ ቆጥ ልንነቅል ሄድን። ቡርሃን የላስቲኩን ጥቅሎች ወስዶ ከዚፖቹ ጎን ደረደረ፤ ለመሳቢያ የሚሆን እንጨትም በር ላይ አራግፎ ሄደ። ሳንቃው የሚነቀለው ከሥር ነው፤ ምንይሉ መጀመሪያ ግን ላዩ ላይ የቀረ ነገር እንዳለ ልይ ብሎ ወጣ። ቆየ።

“ምን ሆንክ?” አልኩት።

“ምንም።” ድምፁ ቆርቆሮው ሥር ታፍኖ መጣ። “ጋሽ ሀብተ ወልድ ጋ ሳለሁ ጣሪያው ልክ እንዲህ ፊቴ ላይ ነበር። ሲዘንብ እኔ ላይ ብቻ የሚዘንብ ይመስለኝ ነበር። ግን በዚህ ከተማ የኔ የምለው ቦታ እሱ ብቻ ነበር።”

ቀና ብዬ አየሁት። ሽበቱን ቆርቆሮው እንዳይነካው አንገቱን ሰብሮ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ያኔ ነው የገባኝ። የልጆቹ ቤተ መጻሕፍት፣ ጤና ጣቢያው፣ የሠዓሊው ቤት፤ በሄደበት ሕንፃ ሁሉ ውስጥ ከጎጃም ለመጣ፣ የሚያድርበት ለሌለው ልጅ መኝታ ሲያበጅ ኖሯል። ለማን ነው ሲሉት መልስ ቢያጣ ምን ይገርማል። ግትር ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አንጀቴን በላው።

“ምንይሉ” አልኩት፣ “ያ ሁሉ ቆጥ እኮ ለአንተ ነበር።”

“ይሆናል” አለ።

“አሁን ቤት አለህ” አልኩት። “ውረድ።”

መሰላሉን በሁለት እጄ ያዝኩለት። እንደ መጀመሪያው ቀን፣ እግሩ ቀድሞ መጣ።